«ከየት አነሳሽው?»

(በነሐሴ ወር ደሴ ላይ ለክረምት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ እንዳለ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! ወሎ ላይ አንዱን ብቻ ብሎ ማለፍ ስለማይሆን ሁለቱንም ብያለሁ።

በዚህ ዝናብ ጃንጥላ ይዛችሁ፣ ጭቃ ረግጣችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ካሸነፈው ከኋላ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እጮሃለሁ። የሆጤ ልጅ ነኝ፤ መጮህ አያቅተኝም።

እናቴ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እማዬ፣ ዛሬ አንቺን ማማቴ አይቀርምና ከወዲሁ ይቅር በይኝ።

የጠራችሁኝ ስለ ዳይኖሰር ቁፋሮ እንዳወራ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሳይንቲስት አይደለሁም። ዴንቨር ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የሌሊት ፈረቃ። ግን አራት ክረምት በተከታታይ፣ የዓመት ፈቃዴን እየወሰድኩ፣ ሁለት ሁለት ሳምንት ሞንታና ሄጄ ዳይኖሰር ቆፍሬአለሁ። በፈቃደኝነት። ያለ ደመወዝ። እንዲያውም ለምግቡም ለማረፊያውም ከኪሴ ከፍዬ።

ይህን መጀመሪያ በስልክ ስነግራት እናቴ ምን ያለች ይመስላችኋል? ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ከዚያ «ልጄ፣ ከፍለሽ ነው የምትቆፍሪው?» አለች። «አዎ እማዬ።» «የሞተ እንስሳ አጥንት?» «አዎ።» «በይ እንግዲህ እኔ ጓሮ ያልተቆፈረ ድንች አለ። ነይና በነፃ ቆፍሪ።»

(ሳቅ)

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ እዚያ ኑሮው ምን ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጦሳ ተራራ ውስጥ ዳይኖሰር አለ ወይ? ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ሦስተኛ፣ እዚያ ያጠፋሁት አንድ ጥፋት አለ፤ እሱን ፊታችሁ እናዘዛለሁ።

አንደኛውን ልጀምር።

እኛ ክረምት ስንል ጉም ነው፣ ጋቢ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። የእነሱ ሐምሌ ሌላ ነው። ምሥራቃዊ ሞንታና በሐምሌ እንደ ምጣድ ይግላል። 38፣ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። የባቲን ቆላ አስቡና ኮረብታው ሁሉ በግራጫና በቡናማ መስመር የተደራረበ አድርጉት። በቃ እሱ ነው። ድንጋዩ ሄል ክሪክ ይባላል፤ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ያ ፊልም ላይ የምታዩት ባለ ትልቅ ጥርሱ፣ ታይራኖሰረስ ሬክስ፣ ስሙን ያገኘበትን አጽም ባርነም ብራውን የተባለ ሰው ከዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው ያወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1902።

ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ መድረስ አለብን። ድንኳን ውስጥ ነው የምናድረው። ጠዋት ጫማ ከማጥለቅ በፊት ገልብጦ ማራገፍ ግዴታ ነው። ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንቃጭል እባብ አለ እዚያ አገር። ደግነቱ ሳይነድፍ ያስጠነቅቃል። እኔ እንደሱ ያለ ጨዋ እባብ አይቼ አላውቅም።

ኔትወርክ የለም። ገላ የምንታጠበው በሳምንት አንዴ፣ ከተማ ስንወጣ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ዓይነታቸው! ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ አሉ። የቧንቧ ሠራተኛ አለ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር መጥቷል። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስትም ነበሩ፤ የጫጉላ ሽርሽራቸው እሱ ነው! መሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንት ቆፍረዋል። ብዙ አይናገሩም።

ቡናቸውን አልነግራችሁም። በመጀመሪያው ዓመት ዝም ብዬ ጠጣሁት። በሁለተኛው ዓመት ግን ጀበናዬን፣ ሲኒዬን፣ ጥሬ ቡናዬን ጠቅልዬ ሄድኩ። እሑድ ጠዋት የካምፑ ጋዝ ምድጃ ላይ መጥበሻ ጥጄ ስቆላ ሰው ሁሉ ከየድንኳኑ አንገቱን ብቅ ብቅ አደረገ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አስተማርኳቸው። በአራተኛው ዓመት አንዱ አቦል ጠጥቶ ሊነሳ ሲል መሪያችን «በረካውን ሳትጠጣ ወዴት?» አሉት፤ በአማርኛ «በረካ» ብለው። ማሻአላህ አልኩ።

ዝናብም አይቀርም። አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ዝናብ ጣለ። የዚያ አገር ጭቃ ከጥንት የእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። የእኛን ዋልካ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። በመጀመሪያው እርምጃ አንድ ኪሎ ጫማችሁ ላይ ይለጠፋል፣ በሁለተኛው ሁለት ኪሎ። መኪናዎቹ ካሉበት አልነቃነቅ አሉ። ዳቦው ደግሞ ታች መኪናው ውስጥ ነው። ሁሉም ቆሞ ይተያያል። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ በባዶ እግሬ ወርጄ ዳቦውን አመጣሁ። አጨበጨቡልኝ! ደሴ ያደገ ሰው ይህን ምን ብሎ ያወራል?

አሁን ወደ ሥራው። አጥንት እንዴት ይገኛል? ሰው ዝም ብሎ መሬት የሚቆፈር ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ በእግር ነው የሚፈለገው። አንገታችሁን ደፍታችሁ ከኮረብታው ሥር ትሄዳላችሁ። ዝናብና ነፋስ ከላይ የሸረሸረው ስባሪ አጥንት ተንከባሎ ታች ይገኛል። አንድ ስባሪ ስታገኙ ሽቅብ መከተል ነው። ሌላ ስባሪ፣ ደግሞ ሌላ። ስባሪው የቆመበት ቦታ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ የተቀበረበት ንብርብር አለ።

ድንጋይ ይሁን አጥንት ግራ ሲገባችሁስ? በምላስ! ከመቀለድ አይደለም። አጥንት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ ብዙ ጊዜ አይጣበቅም። የሂሳብ አስተማሪዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ኮረብታ ልሰዋል።

ንብርብሩ ከታወቀ በኋላ ከላይ ያለው አፈር በዶማና በአካፋ ይነሳል። ይህ የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ሥራ ነው። ወደ አጥንቱ ሲቀረብ ግን ዶማው ይቀመጣል። መሪያችን የእጅ መሣሪያ አደሉን፤ ብሩሽ፣ ቢላዋ፣ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ቀጭን ብረት። ከመሃል አንዱን ሳነሳው ክው አልኩ። ወስፌ ነው! የእንጨት እጀታ ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ እናቴ በስንደዶና በአክርማ መሶብ የምትሰፋበት ወስፌ!

«ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። «በሱ እጄን እየተወጋሁ ነው ያደግኩት» አልኳቸው።

ልጅ ሆኜ ስፌት ስታስተምረኝ እናቴ «አትግፊው፣ መንገዱን እሱ ይፈልግ» ትለኝ ነበር። አጥንት ላይም ልክ እንደዚያ ነው። ጫፉን አፈሩ ውስጥ ሰካ ታደርጉና ትንሽ ታዞሩታላችሁ። አፈሩ በራሱ ፍርክስ ይላል። ከገፋችሁት አጥንቱን ይወጋዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያ አጥንቴ የጅራት አጥንት ነበር። ኤድሞንቶሰረስ የሚባል፣ አፉ እንደ ዳክዬ የሆነ፣ ቅጠላ ቅጠል የሚበላ ትልቅ ዳይኖሰር ነው። ትንሽ ድስት የሚያህል አጥንት። መልኩ የተቆላ ቡና ነው፤ እዚያ ግራጫ አፈር ውስጥ ሲወጣ ያበራል። ለማጽዳት አራት ቀን ፈጀብኝ። አራት ቀን በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴ ከአጥንቱ አንድ ስንዝር ርቆ። ስንጥቅ ሲታየኝ ቀጭን ሙጫ ጠብ አደርግበታለሁ። ሙጫው ጥፍር ቀለም በምታስለቅቁበት አሴቶን የሚሟሟ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሊያነሳው ቢፈልግ እንዲነሳለት። ይህ ነገር ደስ ይለኛል፤ የማይለቅ ሙጫ ክልክል ነው።

ከዚያ ጀሶ። ወጌሻ አጥንት ሲያስር አይታችኋል? ሆስፒታል የተሰበረ እጅ በጀሶ ሲጠቀለልስ? እሱው ነው። አጥንቱ በእርጥብ ሶፍት ይሸፈናል፣ ጀሶው እንዳይጣበቅበት። ጆንያ በቁራጭ በቁራጭ ይቀደዳል፣ ጀሶ ውስጥ ይነከርና ይለበጣል። ከሥሩ ያለው አፈር ዙሪያውን ተቦርቡሮ አጥንቱ እንደ እንጉዳይ በአንድ እግር ይቆማል። ያን ጊዜ መገልበጥ ነው። አምስት ስድስት ሰው ዙሪያውን ይዞ «አንድ፣ ሁለት…» ይባላል። ታች ያለው አፈር ከተዘረገፈ አጥንቱም አብሮ ይዘረገፋል። እኔ በዚያ ሰዓት በማርያምም በአብሬትም በሁሉም ነበር የምማፀነው። ያጠገቤ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ልጄ ናት ይዘን የምንገለብጣት» አልኩት።

ወሬ አበዛሁ። ሁለተኛው ነጥብ።

ጦሳ ውስጥ ዳይኖሰር አለ ወይ? የለም። ይቅርታ አድርጉልኝ። የጦሳ ድንጋይ፣ የአዝዋ ገደል ድንጋይ፣ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮቹ ከምድር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ጦሳ ሲወለድ እነሱ ካለቁ ብዙ ዘመን አልፏል።

ትናንት አንድ ልጅ «ሉሲን የበላት ዳይኖሰር ነው?» አለኝ። አትሳቁበት! ዴንቨር ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ጠይቀውኛል። ሚሊዮን ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። እስቲ በምናውቀው መንገድ እንለካው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ደሴ ላይ ዛሬ ነው። አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ድሮ ዘመን ትጓዛላችሁ። አዲስ አበባ ስትገቡ 66 ሚሊዮን ዓመት ይሞላል፤ የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች እዚያ ናቸው። የእኛ ዓይነት ሰው 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሾፌሩ ገና ረዳቱን «ሂሳብ ሰብስብ» አላለም! ድንቅነሽስ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ለመግባት ስትቃረቡ እሷ ዳር ላይ ቆማለች። ጦሳ የተሠራበት እሳት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ይነዳል። ዳይኖሰሩ ግን አዲስ አበባ ነው ያለው። በምን ተገናኝተው ይብላት?

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዳይኖሰር የለም አላልኩም! ከጦሳ ዓይነቱ ድንጋይ ሥር የቆየ ድንጋይ ተቀብሯል። ዓባይ ሸለቆውን ሲቆርጥ ያን አሮጌ ድንጋይ ገልጦታል። በዚያ በኩል ሙገር የሚባለው የጭቃ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በኛ አውቶቡስ ሂሳብ አዲስ አበባን አልፋችሁ አርባ ምንጭ መድረስ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ላንሳ። ኮምቦልቻና ሐዳር ካርታ ላይ በአንድ መስመር ነው ያሉት። ከኮምቦልቻ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ የበረረ አሞራ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ድንቅነሽ የተገኘችበት ቦታ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የኮምቦልቻ ልጅ ስንት ነው? እኔ ራሴ ያወቅኩት ሞንታና ነው! መሪያችን ካርታ ዘርግተው «የት ነው ያደግሽው?» አሉኝ። ደሴን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉና «ሐዳር» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። አፈርኩ።

ድንቅነሽን ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ያገኛት ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። ትልልቆቻችሁ ቀኑን ታስታውሱታላችሁ፤ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተገደሉ ማግስት። አገሩ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ሳለ ሐዳር ላይ ሁለት ሰዎች አጥንት ይለቅማሉ። መጀመሪያ የታየው ምንድን ነው? ተዳፋት ላይ የወደቀች የክርን አጥንት ስባሪ። አያችሁ? ስባሪ አይቶ መከተል፤ ያው ዘዴ ነው። ከዚያ ለሳምንታት አፈሩን እየነፉ መቶዎች ስባሪ ለቀሙ፤ ሲገጣጠም ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ወጣ።

ሦስተኛው። ኑዛዜዬ።

በሦስተኛው ዓመት ነው። ከኤድሞንቶሰረሱ የጎድን አጥንቶች አካባቢ እየሠራሁ ነበር። ጸሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ብሩሼን ሳንሸራትት አንድ ነገር አብለጨለጨ። ጥርስ! ጣቴን የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከረ። የታይራኖሰረስ ጥርስ። ምን ላድርግ? ያዝኩት። መዳፌ ላይ አድርጌ «አገኘሁ! አገኘሁ!» እያልኩ ቁልቁል ሮጥኩ። እልል ሁሉ ብያለሁ። ሁሉም ተሰብስቦ አየ። አዲሶቹ ተጋቢዎች ፎቶ አነሱኝ።

መሪያችን መጡ። አዩት፣ በጣም ቆንጆ ነው አሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ከየት አነሳሽው?»

ተመልሰን ወጣን። እዚህ ጋ ነው አልኩ። «እዚህ ከጎድኑ ሥር? ወይስ እዚህ ከላይ ካለው አሸዋ?» አየሁ። አሁንም አየሁ። አፈሩን ጠርጌዋለሁ፣ እየሮጥኩ ስነሳ ረግጬዋለሁ። አላውቅም። ከአንዱ እስከ ሌላው አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም፤ ግን አላውቅም።

ምን ልዩነት አለው ትሉ ይሆናል። ብዙ ነው ልዩነቱ። እነዚህ አውሬዎች ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ ይቀያይራሉ፤ ሲበሉም ይወልቅባቸዋል። ከጎድኑ ሥር ከሆነ፣ ያ አውሬ እዚያው ቆሞ ሥጋውን ሲግጥ የወለቀበት ሊሆን ይችላል። ከላይኛው አሸዋ ከሆነ ደግሞ ኋላ ወንዝ ከሌላ ቦታ አምጥቶ የጣለው ነው። አንዱ ታሪክ ነው፣ ሌላው ምንም አይደለም። የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። እኔም እልል ስል ጣልኩት።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ላስቲክ አውጥተው ጥርሱን ከተቱ፣ ላዩ ላይ በማርከር ጻፉበት፦ ትክክለኛ ቦታው አልተመዘገበም። የዚያን ቀን ቡና አላፈላሁም።

እናቶቼ፣ የማታውቁት እንግዳ በራችሁ ላይ ቢመጣ ውሃ ከሰጣችሁት በኋላ ምን ትሉታላችሁ? «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» አይደል? መልኩን አይደለም የምትጠይቁት። አጥንትም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለዚህ ነው ቁፋሮው ሁሉ በሲባጎ የሚታጠረው፣ በአንድ አንድ ሜትር ካሬ የሚከፈለው። እያንዳንዱ አጥንት ሳይነሳ ይለካል፣ አቅጣጫው በኮምፓስ ይያዛል፣ ወረቀት ላይ ይሳላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። በአራተኛው ዓመት ካርታ ሳይዋ ማን ሆነች? እኔ። ማንም አልመደበኝም፤ ወረቀቱን ነጥቄ ያዝኩት።

አንድ ጎረምሳ በር ላይ «ስንት ይሸጣል?» ብሎኛል። እዚህ ነህ? ልንገርህ። ሱ የምትባል የታይራኖሰረስ አጽም እ.ኤ.አ. በ1997 ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጣ ቺካጎ ሙዚየም ገብታለች። እማዬ፣ ድንቹን ትቼ መቆፈሬ ሙሉ በሙሉ እብደት አይደለም! አሜሪካ ውስጥ በግል መሬት ላይ የተገኘ አጥንት የባለ መሬቱ ነው። እዚህ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ኪሱ መክተት፣ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ልጆች፣ ለምኛችኋለሁ! አንድ ነገር ብታዩ አታንሱት። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዙሪያውንም አንሱ፣ ኮረብታው እንዲታይ። ለባህል ቢሮ ተናገሩ። እጃችሁን ግን ሰብስቡ። እንደኔ እልል አትበሉ።

እሺ። ዝናቡም ጋብ ብሏል፤ ከኋላ በኩል የቡናው ሽታ መጥቷል።

ይህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቡናማ ስባሪ እውነተኛ የዳይኖሰር አጥንት ነው። ባለ መሬቱ ናቸው የሰጡኝ። ለምን ሰጡኝ? ተንከባሎ ታች የተገኘ ነው፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወረደ ስለማይታወቅ ማንም አልፈለገውም። አጠገቡ ያለው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከጦሳ ሥር ያነሳሁት ድንጋይ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ በምላሱ መለየት የሚፈልግ ልጅ ይምጣና ይሰለፍ። አብሽሩ፣ ሁለቱንም አጥቤአቸዋለሁ። እማዬ፣ አንቺም ነይ።